ከዓይኑ በታች

ኔትወርክ በደከመበት ቀን ስልኬ ላይ የሚወርድ ፎቶ አላይም። አንዳንዱ ፎቶ ከላይ ነው የሚጀምረው፤ መጀመሪያ ሰማዩ፣ ቀጥሎ ፀጉሩ፣ ቀጥሎ ግንባሩ ይመጣና ዓይን ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። የቀረው ግራጫ ነው። ሌላው ሰው ስልኩን ወደ ሰማይ ከፍ አድርጎ ኔትወርክ ሲለምን፣ እኔ የራሴን ደፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋለሁ። ባለቤቴ ድሮ "ምን ሆነህ ነው?" ትል ነበር፤ አሁን ትታዋለች። አንተ ግን ፖሊስ ካሜራ ሲይዝ ምን ይደረጋል ብለህ ስለጠየቅኸኝ፣ የዚያን ግራጫ ነገር ልንገርህ።

ያኔ ላሊበላ ውስጥ ፎቶ አንሺ ነበርኩ። ጢሜ ገና ብቅ እያለ ነበር፤ ካሜራ አንገቴ ላይ ስላለ ብቻ ግን ከእኔ በላይ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሥራችን ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆሞ ተሳላሚ መጠበቅ ነው። ጥሩ ስልክ ያለው ራሱን ያነሳል፣ የሌለው የእኛ ነው። ጧት ጧት ቀዩ ድንጋይ ብርዱን አልለቅም ብሎ ሲያንገራግር፣ ከጉድጓዱ ውስጥ የጧፍና የእርጥብ ድንጋይ ሽታ ወደ ላይ ይወጣል። የቅዳሴው ድምፅም ከእግራችን ስር ነው የሚመጣው። ፀሐይ ተራራውን ዘልላ የጣራውን መስቀል እስክትነካ ድረስ ማንም አያነሳም፤ ከነካች በኋላ ግን ሁላችንም እንሻማለን።

ከመካከላችን አንጋፋው፣ ሁላችንም "ጋሼ" የምንለው፣ በፊልም ዘመን የጀመረ ሰው ነበር። ሥራ የሚያለማምደን እሱ ነው። ስለ ብርሃን ከማስተማሩ በፊት ስለ ፖሊስ ያስተምራል።

"ሲመጣ ካየኸው ካሜራውን ከዓይንህ አውርድ። ቀድመህ ሰላም በል። ማሰሪያውን ከአንገትህ እንዳታወልቅ፤ አንገትህ ላይ ያለ ካሜራ ያንተ ነው፣ እጁ የገባ ካሜራ የመንግሥት ነው" ይልና በራሱ ቀልድ ይስቃል። ዋናው ትምህርት ግን መጨረሻ ላይ ነበር። "አጥፋ ካለህ፣ ራስህ አጥፋለት። ለእሱ ከሰጠኸው ያላወቀውን እየነካካ ካርዱን ከነነፍሱ ይገድለዋል። አንተ ያጠፋኸው ግን አልጠፋም፣ ካርዱ ውስጥ ተደብቆ ነው። ብቻ ሌላ ፎቶ እንዳታነሳበት። ካላነሳህበት ደሴ ያለው የኮምፒውተር ባለሙያ መልሶ ያወጣዋል፤ ካነሳህበት አዲሱ በአሮጌው ላይ ይተኛበታል፣ አለቀ።"

በዚህ ዘዴ ስንት ሰርግ፣ ስንት ክርስትና አትርፈናል መሰለህ። ፖሊስ ፊት አንገታችንን ሰበር አድርገን እናጠፋለን፣ ዞር ስንል ካርዱን አውጥተን ካልሲያችን ውስጥ እንከታለን። ከዚያ ተሰብስበን እንስቃለን። የሚችለን ያለ አይመስለንም ነበር።

ያን ቀን ጧት መጀመሪያ የመጣው ከገነተ ማርያም በኩል የሆነ የገበሬ ልጅ ነበር። በዕድሜ እኩያዬ ነው። የለበሰው ኮት የሟች አባቱ መሆኑን በኋላ ሰማሁ፤ ትከሻው ላይ ሰፍቶት እጅጌው ጣቶቹን ይሸፍናል። ከኮቱ ላይ ነጠላ ደርቦ አፍና አፍንጫውን ተከናንቦ ነበር፤ ያው እንደ ላስታ ሰው፣ ብርድ ሲሆን ከዓይናችን በቀር የሚታይ ነገር የለንም። ወዴት እንደሚሄድ አልነገረኝም፣ አልጠየቅኩትምም። በዚያ ሰሞን እንዲህ ማልዶ ብቻውን መጥቶ ፎቶ የሚነሳ ወጣት ሁሉ የሚሄደው አንድ ቦታ ነው፤ በኩልመስክ አድርጎ ወደ ቆላ፣ ከቆላ ወደ ባሕሩ።

"ለእናቴ ነው" አለኝ ነጠላውን እያወረደ። "ሌላ ፎቶ የለኝም። መታወቂያዬንም ደላላው ይዞታል።"

"እንግዲያ ፈገግ በላ" አልኩት፣ ለሁሉም እንደምለው።

"አልልም።"

"እናትህ አይደሉ የሚያዩት?"

"ለዚያ እኮ ነው። ስቄ ካየችኝ፣ ደስ ብሎት ነው ጥሎኝ የሄደ ትላለች።"

ሳቅኩበት። እሱ አልሳቀም። ኮሌታውን አቃናሁለትና አፋፉ ላይ አቆምኩት። የአሸተን ማርያም ተራራ ከራሱ በላይ ሰማያዊ ሆኖ ተዘርግቷል፣ የጣራው መስቀል ከክንዱ ጎን ታች ይታያል። ከንፈሩን ግጥም አድርጎ ሌንሱን ሰው እንደሚያይ አየው። አነሳሁት። ካሜራው ላይ ሳሳየው ጎንበስ ብሎ ብዙ ጊዜ አየና "ጥሩ ነው" አለ፤ ከዚያ ነጠላውን መልሶ ተከናነበ። መብራት ስላልነበረ ማተም አልተቻለም።

"እሷ ቅዳሜ ለገበያ ትወጣለች፤ ለእሷ ስጥልኝ። እኔ ዛሬ እኩለ ቀን ላይ እነሳለሁ" አለኝ። ትንሽ ሄድ ብሎ ዞረና "አደራ" አለ። አደራ የሚባለው ቃል ሲነገርህ ቀላል ነው፤ በኋላ ነው የሚከብደው።

ረፋዱ ላይ ከሩቅ የመጡ ተሳላሚ ቤተሰብ ሳነሳ የቦት ጫማ ድምፅ ሰማሁ። አንድ ፖሊስ ዳገቱን በሩጫ ወጥቶ ትንፋሹ ተቆራርጧል። የጋሼን ትምህርት አንድ በአንድ ፈጸምኩ፤ ካሜራውን አወረድኩ፣ ቀድሜ ሰላም አልኩ።

"ማንን ነው የምታነሳው?"

"እነዚህን ተሳላሚዎች ነው ጌታዬ።"

"ከኋላቸው ያለውስ?"

ዞሬ አየሁ። ከባሻገር ባለው ተረተር ላይ፣ መንገዱ ዳር፣ ትናንት ያልነበረ ድንኳን ቆሟል። የፖሊሶቹን የፍተሻ ኬላ ወደዚያ አዛውረውታል። ጊዜው ክፉ ነበር፤ ሁሉም ሰው ሁሉንም ሰው ይፈራል፣ ፖሊሱም ከእኛ ብሶ ይፈራል። የማኅበራችንን ባጅ አውጥቼ አሳየሁት። ገለባብጦ አየውና፦

"ይሄ ቤተ ክርስቲያን ለማንሳት ነው የሚለው። እኛ ቤተ ክርስቲያን ነን?" አለኝ።

የተሳላሚዎቹ አባት፣ ነጭ ጥምጥም ያላቸው ሽማግሌ፣ "ኧረ ጌታው፣ እኛኑ ነው የሚያነሳ፣ ልጁ አንዳች አላረገም" ቢሉም፣ "አባባ፣ እርስዎ ስለት ያድርሱ" ብሎ እኔን ወደፊት አስቀደመኝ።

ድንኳኑ ውስጥ ፀሐይ የመታው ሸራ ይሸታል። አዛዡ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥማል። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ከጩኸት ይልቅ ያ ነው ያስፈራኝ። ፎቶውን አየና "አጥፋው" አለኝ። አጠፋሁ። "ሁሉንም" አለ። እጄ ትንሽ ዘገየች። የጧቱ ልጅ እዚያ ውስጥ አለ። ግን በልቤ ደሴን እያሰብኩ፣ የሁሉንም ማጥፊያ ነካሁ። ካርዱ ባዶ መሰለ። አዛዡ ራሱ ተቀብሎ አየና ረክቶ መለሰልኝ። ድኛለሁ አልኩ፤ ማሰሪያውን እያስተካከልኩ መውጫውን አየሁ።

"ቆይ እንጂ" አለ አዛዡ። "ከመጣህ አይቀር እኛን አንሳን።"

የሚገርምህ፣ ይህን ጋሼ አላስተማረንም። ፖሊስ አታንሳ ይላል እንጂ አንሳኝ ይላል ብሎ ማን ያስባል? "ጌታዬ፣ በዚህ ካርድ ላይ ካነሳሁ የጠፋው አይመለስም" ብዬ እንዳልነግረው፣ የጠፋው እንደሚመለስ መንገሬ ነው፤ ያን ጊዜ ካርዱንም እኔንም አይለቁም። ካልተናገርኩ ደግሞ በገዛ እጄ ልጁን ልቀብረው ነው።

"ባትሪው አልቋል" አልኩ።

ያመጣኝ ፖሊስ ካሜራውን ከደረቴ ላይ አንስቶ ቁልፉን አበራው። ባትሪው ሙሉ ነበር። የጥፊውን ድምፅ ከሕመሙ በፊት ሰማሁት። አዛዡ ቆሎውን እየቆረጠመ "ተው፣ ያንሳን እንጂ አትምታው" አለ፣ እንደ አስታራቂ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሰርግ ይመስል ነበር። ቆብ ያቀናሉ፣ ቀበቶ ያጠብቃሉ፣ አንዱ ከጄሪካን ውኃ ቀድቶ ፊቱን ታጠበ። አንድ ላይ፣ ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ከዚያ ለየብቻ። የፎቶውን መጠን ወደ ትንሹ ቀነስኩት፣ ጥቂት ቦታ እንዲይዝ፤ ሌላ ማድረግ የምችለው አልነበረም። ቁልፉን በተጫንኩ ቁጥር ያ ድምፅ፣ ሁልጊዜ የምወደው ድምፅ፣ የአካፋ ድምፅ ሆነብኝ። መጨረሻ ላይ አንድ ለጋ ፖሊስ፣ በጥፊው ሰዓት መሬት መሬት ሲያይ የነበረ፣ ወደ እኔ ተጠግቶ "ለእኔ ለብቻዬ አሳምረህ አንሳኝ፤ ለእናቴ ነው የምልክላት" አለኝ። አሳምሬ አነሳሁት። እሱን መጥላት አቅቶኝ ነበር፤ ያ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ።

ጋሼ ሲሰማ አልተቆጣኝም። ጉንጬን አየ፣ ካርዱን ተቀበለኝ፣ ለፖሊሶቹ የሚታተመውን በባትሪ ወደሚሠራው ኮምፒውተር ገልብጦ ካርዱን በፌስታል ቁራጭ ጠቀለለና ደሴ ለሚሄድ ሹፌር ሰጠው። መብራት ሲመጣ የፖሊሶቹን ፎቶ አተምኩ። ቁልጭ ብሎ ወጣ፤ የለጋው ፖሊስ ጥርስ ሳይቀር ያበራል። መጥተው ወሰዱ፣ አመሰገኑኝም።

ጋሼ ይዞኝ አቤት ልንል አንድ ቢሮ ሄድን። ሰውዬው ጨዋ ነበር፤ ወንበር ሰጠን፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የሰው ካሜራ መበርበርም ፎቶ ማስጠፋትም እንደማይቻል አስረዳን። "ሕጉ ካንተ ጋር ነው" አለኝ። ሕጉ ከእኔ ጋር ሆኖ ወደ ቤት ገባን። ዛሬ ሥራ የሚጀምሩ ልጆች ሲጠይቁኝ መብታችሁን እወቁ፣ የያዛችሁን ሰው ስምና ማዕረግ ጠይቁ፣ ደረሰኝ ሳትቀበሉ ካሜራ አትስጡ እላቸዋለሁ። ትክክል ነው፣ አንተም እንደዚያው አድርግ። ብቻ እኔ ይህን ስናገር ጉንጬ ይሞቀኛል።

ቅዳሜ እናቱ መጡ። ከገበያው ግርግር ወጥተው፣ ጀርባቸው ላይ ባዶ ስልቻ አጣጥፈው፣ አፋፉ ላይ ካለነው ፎቶ አንሺዎች ሁሉ እኔን ጠይቀው አገኙኝ። ልጁ ከመንገድ ጎረቤት ስልክ ላይ ደውሎ "ፎቶዬ ላሊበላ አለልሽ፣ ሂጂና ውሰጂ" ብሏቸዋል።

"ፖሊስ አስጠፋኝ እማማ" አልኳቸው።

"ልጄ ምን አረገ?"

"እሱ ምንም አላደረገም። ሌላ ሰው ሳነሳ ነው።"

"ምንም ካላረገ ፖሊስ መልኩን ምን ያረግለታል?" አሉኝ። እሳቸው ግን እንደ እኔ ቆመው የሚቀሩ ሰው አልነበሩም። ተረተሩን ተሻግረው ኬላው ድረስ ሄዱ። ነጠላቸው ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ጎንበስ ቀና ሲል ከአፋፉ ላይ ሆኜ አይ ነበር። ሲመለሱ ላብ ጠምቋቸዋል።

"ደግ ሰው ነው አዛዡ። ውኃ ሰጠኝ" አሉኝ። "የለም እኛ ጋ አለኝ።"

ካርዱን ደሴ እንደላክነው፣ ፎቶው መልሶ ሊወጣ እንደሚችል ነገርኳቸው፤ ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ይመጣሉ። ሲመጡ "ከደሴ አልመጣም?" ይላሉ፤ መንገዱ ስለተዘጋ አልመጣም እላለሁ። "በል እንግዲህ፣ ሲከፈት" ብለው ይሄዳሉ። አንዳንዴ የገብስ ቆሎ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡልኛል። ሲመጡ ከሩቅ እያየሁ ጋሼ ጀርባ ልደበቅ ያማረኝ ቀን አለ፤ አልተደበቅኩም እንጂ።

መንገዱ ሲከፈት ካርዱና መርዶው ባንድ ሳምንት መጡ። ጀልባው መገልበጡን ከባሕሩ የተረፈ የሰፈራቸው ልጅ ነው የተናገረው። ሬሳ የለም። በእኛ አገር ሬሳ ከሌለ የሟቹ ልብስና ፎቶ ነው ለቅሶው ሜዳ ላይ የሚወጣው፤ ፎቶው ከፍ ተደርጎ ይዞራል፣ ሰው እሱን እያየ ያለቅሳል። እሱም ከሌለ ለቅሶው መያዣ ያጣል። እናቱ ለቅሶውን ከማስነገራቸው በፊት ሰው ላኩብኝ። "ፎቶው ከተገኘ ብቻ ይምጣ፤ ካልተገኘም ይምጣ" ነበር መልእክቱ።

ደሴ ያለው ባለሙያ መልሶ ያወጣውን ከፍቼ ሳየው ጋሼ ከአጠገቤ ነበር። ሰማይ አለ። ተራራው አለ። ፀጉሩ፣ ግንባሩ፣ ቅንድቡ፣ ዓይኑ አለ። ከዓይኑ በታች ግራጫ ነው፤ አፍንጫ የለም፣ አፍ የለም፣ ኮቱም፣ የጣራው መስቀልም የለም። ታችኛው ግማሽ ላይ ፖሊሶቹ ተኝተውበታል።

"ዓይኑ አለ" አለ ጋሼ። ከዚያ ተነስቶ ወጣና ውጭ ሲያስል ሰማሁት።

ትልቅ አድርጌ አትሜ፣ ፍሬም ውስጥ አስገብቼ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ በእግሬ ወደ ገነተ ማርያም ወረድኩ። ማልዶ ነበር፤ ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ይንኮሻኮሻል። ለቅሶተኛው ሜዳው ላይ ተሰብስቧል። ሁሉም በብርዱ አፉን ተከናንቦ የሚታየው ዓይን ብቻ ነው። ፍሬሙን ከጋዜጣው አወጣሁት። አንድ ዘመድ ጠጋ ብሎ አየና "ይኸ ነውር ነው፤ ልጁን ሁለተኛ መግደል ነው፤ ባይወጣ ይሻላል" አለ። ሌላውም ራሱን ነቀነቀ። የሰፈሩ ሽማግሌ ወደ እናትየው ዞሩ።

እናቱ ፍሬሙን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ግራጫውን በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ አቧራ የሚጠርጉ ይመስል። ከዚያ ከልብሱ ክምር ውስጥ የልጁን አሮጌ ነጠላ መዘዙና ፍሬሙን ከዓይኑ በታች ዙሪያውን አከናነቡት፤ ጫፉን በትከሻው በኩል ወደ ኋላ ጣሉት፣ ራሱ እንደሚጥለው።

"ብርድ ነው" አሉ ቀና ብለው። "ተከናንቦ ነው እንጂ፣ ምን ሆነ?"

ያን ጊዜ ሜዳው በአንድ ድምፅ ፈነዳ። በየጧቱ ወደ እርሻ ሲወርድ የሚያውቁት ልጅ ራሱ ነበር፤ ነውር ነው ያለው ዘመድ ደረቱን እየደቃ ቀድሞ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ለእሱ ይሁን ለራሴ እስካሁን አልለየሁትም።

ሰው ሲበተን እናቱ ወደ ቤት ጠሩኝ። ፍሬሙ አጠገባቸው ግድግዳ ተደግፏል።

"አንተ አይተኸዋል። ከነጠላው ስር ስቆ ነበር?" አሉኝ።

እውነቱን ከመናገሬ በፊት ፊታቸውን አየሁ፣ የቱ መልስ እንደሚጎዳቸው ለማወቅ። አላወቅኩም።

"አልሳቀም እማማ። ፈገግ በል ብለው እንቢ አለኝ። 'ስቄ ካየችኝ፣ ደስ ብሎት ነው ጥሎኝ የሄደ ትላለች' አለ።"

"ከቤት ሲወጣ ስቆልኝ ነበር" አሉ። "እየሳቀ ነው የወጣ። ያ ነበር ሲያቃጥለኝ የከረመ።" ነጠላውን ትንሽ ከፍ አድርገው ከዓይኑ ስር አስጠጉት። "አወይ ልጄ" አሉ።

እኔ ከዚያ ወዲህ ላሊበላ ብዙ አልቆየሁም፤ አሁን እንደምታየው የምሠራው ስቱዲዮ ውስጥ ነው፣ ከኋላ ሸራ እንጂ ኬላ በሌለበት። እሳቸውን ግን አልፎ አልፎ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ። ፎቶው ከአልጋቸው ትይዩ ተሰቅሏል። ባለፈው ስገባ የሆነ ነገር ተለውጦብኝ ቆሜ አየሁት፤ ያ ስስ ነጠላ ወርዶ፣ ዓይኑ ስር የተከናነበው ወፍራም አዲስ ጋቢ ሆኗል። ማየቴን አዩ።

"ጥቅምት ገባ እኮ" አሉኝ።